የዓባይ ውኃ ቴርሞሜትሩን ሲያሳስት፦ የጥንት ባሕር ሙቀት ስንለካ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ዓመት አንድ የደጀን ልጅ በፌስታል የጠቀለለው ድንጋይ ይዞ ደብረ ማርቆስ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ከዓባይ በረሃ ቁልቁለት ያነሳው ግራጫ የኖራ ድንጋይ ነው። «ጋሼ፣ ይኼ አገር ድሮ ባሕር ነበር ይላሉ። ውኃው ስንት ዲግሪ እንደነበረ ከዚህ ማወቅ ይቻላል?» አለኝ። የድንጋዩን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ልጁ ግን ከአንዳንድ የማስተርስ ተማሪዎቼ የተሻለ ነገር አድርጓል፤ ቀመር ውስጥ ቁጥር ከመክተቱ በፊት መጥቶ ጠይቋል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ባለ አንድ ሴል የባሕር ፍጥረታት አሉ፤ ብዙዎቹ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞሉም። ከባሕሩ ውኃ ወስደው ከካልሲየም ካርቦኔት ዛጎል ይሠራሉ። ሲሞቱ ዛጎሉ ወደ ወለል ወርዶ በደለል ይቀበራል። ከመርከብ ላይ ረጅም ቱቦ ወደ ወለሉ ተሰድዶ ያ ደለል ይወጣል፣ በወንፊት ይታጠባል፣ ዛጎሉ በማይክሮስኮፕ ሥር በቀጭን እርጥብ ብሩሽ አንድ በአንድ ይለቀማል። ከዚያ የዛጎሉ ኬሚስትሪ፣ ወይም የዝርያዎቹ ስብጥር፣ ስለዚያ ዘመን ውኃ ሙቀት ይነግረናል። ይነግረናል ስል ግን ጠያቂው ከተጠነቀቀ ነው። ረቂቅ ሳርም ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስህተቶች እነሆ።

«ባሕር» የተባለውን ሁሉ ባሕር ማድረግ

እኛ ጎጃሞች ጣናን ባሕር እንለዋለን፤ ከተማውንም ባሕር ዳር ብለነዋል። በዚህ የተነሳ ከጣና ደለል ፎራሚኒፌራ ለቅሞ የሙቀት ቀመር ሊያሰላ የሚነሳ አይጠፋም። ጣና ጨው አልባ ሐይቅ ነው፤ የውቅያኖሱ ቀመሮች እዚያ አይሠሩም። በደለሉ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ዳያተሞች ናቸው፤ ከሲሊካ ቤት የሚሠሩ አልጌዎች። እነሱ በዋናነት የሚናገሩት ስለ ውኃው ጥልቀትና ጨዋማነት ነው፤ ያም ቢሆን ትንሽ ታሪክ አይደለም። ጣና በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ ደርቆ ነበር። ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት ገደማ በፊት መሐሉ ረግረግ ሆኖ ታንኳ የምንሠራበት ደንገል በቅሎበታል። ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ ጀምሯል። ይህን ያዙልኝ፤ ቀጥሎ ይፈለጋል።

የኦክስጅኑን ለውጥ ሁሉ ለሙቀት መስጠት

የስህተቶቹ ሁሉ አለቃ ይኼ ነውና እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ኦክስጅን ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው፤ 16 እና 18 የሚባሉት። ውኃው በቀዘቀዘ ቁጥር ዛጎሉ ውስጥ የሚገባው የከባዱ ድርሻ ከፍ ይላል። አሜሪካዊው ኬሚስት ሃሮልድ ዩሪ ይህ ለጥንት ሙቀት መለኪያ ሊሆን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1947 ጻፈ። በእሱ ቤተ ሙከራ የሠራው ጣሊያናዊ ቼዛሬ ኤሚሊያኒ እ.ኤ.አ. በ1955 የጥልቅ ባሕር ደለሎችን ለክቶ በበረዶ ዘመናት የካሪቢያን ባሕር የላይኛው ውኃ 6 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ እንደነበር አስታወቀ። ሥራው ድንቅ ነበር። ኤሚሊያኒ የበረዶውን ነገር አልዘነጋም፤ ድርሻውን ግን አሳንሶ ገመተው።

እንግሊዛዊው ኒኮላስ ሻክልተን እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበውን መከራከሪያ ተማሪዎቼ በቃላቸው እንዲይዙት እፈልጋለሁ። ባሕር ወለል ላይ የሚኖሩትን ፎራሚኒፌራ ተመልከቱ አለ። የጥልቁ ውኃ ዛሬም ቢሆን ለበረዶ ጥቂት ዲግሪ የቀረው ነው፤ ከዚያ በታች 6 ዲግሪ መውረድ አይችልም። የወለሎቹ ዛጎሎች ግን ከላይኞቹ ጋር የሚቀራረብ ለውጥ ያሳያሉ። እንግዲያው የለውጡ ትልቁ ድርሻ ከሌላ ቦታ መጥቷል ማለት ነው። ቀላሉ ኦክስጅን በቀላሉ ተንኖ፣ ዘንቦ፣ በሰሜን አገሮች የብስ ላይ ግግር በረዶ ሆኖ ሲታሰር የቀረው ባሕር በከባዱ ይበለጽጋል። ዛጎሉም ውኃው ባይቀዘቅዝ እንኳ ይከብዳል።

ቁጥሩን እንየው። ከ21,000 ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ከፍታ ከዛሬው 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር። በዚህ ብቻ የባሕሩ ውኃ በሺህ 1 ገደማ ከብዷል። ይህችን በሺህ 1 ረስቶ ለሙቀት የሰጠ ሰው ከ4 ዲግሪ በላይ የሌለ ብርድ ፈጠረ ማለት ነው።

በረዶውን የቀነሱም ቢሆኑ ገና አልዳኑም። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ከግንዱ ጋር ግን የጎጃምን አፈርና የክረምቱን ውኃ ይዞ ሜዲትራንያን ይገባል። ከ10,000 እስከ 6,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝናባችን ከዛሬው የበረታ ነበር፤ ጣናም ሞልቶ ይፈስ ነበር። በአባይ ወንዝ የወረደው ጎርፍ የምሥራቅ ሜዲትራንያንን የላይኛውን ውኃ አቅጥኖ፣ የታችኛው አየር አጥቶ፣ ወለሉ ላይ ሳፕሮፔል የሚባል ጥቁር ጭቃ ተከማቸ። የዝናብ ውኃ ደግሞ ከባሕር ውኃ ይልቅ ቀላሉ ኦክስጅን የበዛበት ነው። ስለዚህ በዚያ ጭቃ ውስጥ ያሉት የግሎቢጀሪኖይደስ ሩበር (አንድ የፎራሚኒፌራ ዝርያ ነው) ዛጎሎች ቀለል ያሉ ናቸው። አንድ ተማሪዬ ይህን ቁጥር እንዳለ ቀመር ውስጥ ከትቶ፣ የወጣለትን ሙቀት አይቶ ደንግጦ መጣ። «መምህር፣ ሜዲትራንያን እንደዚህ ግሎ ነበር?» አለኝ። የጋለ ነገር የለም፤ የቾቄ ዝናብ ነው የለካኸው አልኩት።

ለእኛ የሚቀርበው ቀይ ባሕር ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር የሚያገናኘው በባብ ኤል መንደብ በኩል ያለው ጠባብና ጥልቀት የሌለው በር ብቻ ነው። በበረዶው ዘመን ባሕሩ ዝቅ ሲል በሩ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም፤ ውስጡ ያለው ውኃ ግን መትነኑን አላቆመም። ቀላሉ ኦክስጅን በትነት ሄዶ ከባዱ ቀረ፤ ጨዉም በዝቶ ተንሳፋፊ ፎራሚኒፌራ እስኪጠፉ ድረስ ደረሰ። እዚያ ቀመሩን በጭፍን የተጠቀመ ሰው የበረዶ ባሕር ያገኛል።

መፍትሔው ከዚያው ዛጎል ሁለተኛ ቴርሞሜትር መለካት ነው፤ ውኃው በሞቀ ቁጥር ዛጎሉ ውስጥ የሚበዛው ማግኒዚየም። ሙቀቱ በማግኒዚየም ከታወቀ ከኦክስጅኑ ላይ ይቀነሳል፤ የቀረው የውኃው የራሱ ታሪክ ነው። ለአገራችን ዝናብ ታሪክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ይኸው ቀሪ ነው።

የማን ዛጎል እንደሆነ ሳይለዩ መልቀም

እናቴ የሽሮ እህል ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ እረዳት ነበር። ጠጠሩንና የተነቀዘውን ባቄላ ማውጣት ሁሉም ይችላል። እናቴ ግን የሁለት ማሳ አተር ሲቀላቀል መጠኑንና ቀለሙን አይታ ትለየው ነበር። ፎራሚኒፌራ የሚለቅም ሰው ያ ዓይን ያስፈልገዋል።

ሩበር ፀሐይ በሚደርሰው የላይኛው ውኃ ውስጥ ይኖራል፤ በሰውነቱ ውስጥ ብርሃን የሚፈልጉ አልጌዎች አሉበት። ግሎቦሮታሊያ ሜናርዲ ግን ዝቅ ብሎ ቀዝቀዝ ባለው ውኃ ይኖራል። ሁለቱን በአንድ ማስቀመጫ ቀላቅሎ የለካ ሰው የየትኛውም ንብርብር ያልሆነ ሙቀት ያገኛል። የአንድ ዝርያ ዛጎሎችም ቢሆኑ መጠናቸው ሲለያይ ኬሚስትሪያቸው ይለያያል፤ ስለዚህ በወንፊት ጠበብ ያለ የመጠን ክልል መምረጥ ግድ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ በዕድሜያቸው መጨረሻ ወደ ታች ሲሰምጡ በቀዝቃዛው ውኃ ተጨማሪ ንጣፍ ይደርባሉ። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ሁለት ሳምንት የለቀምኩትን ናሙና የጣልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ንጣፉ ያለውንና የሌለውን አንድ ላይ አድርጌ፣ ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ሲዘል ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ሳሳብብ ነበር።

ወቅትም አለ። ግሎቢጀሪና ቡሎይደስን እንውሰድ። በሶማሊያና በኦማን ዳርቻ በኛ ክረምት ወራት ነፋሱ የላይኛውን ውኃ እየገፋ ቀዝቃዛውን ከታች ያወጣል፤ ምግብ የሞላበት ውኃ ነው። ቡሎይደስ እዚያ የሚረባው ያን ጊዜ ነው። ጎጃም ላይ ጤፍ በሚዘራበት ሰሞን የተሠራ ዛጎል ስለ ጥር ሙቀት ምን ያውቃል? ያንን ቁጥር የዓመቱ አማካይ ብሎ መጻፍ የሐምሌን ብርድ ይዞ «ደብረ ማርቆስ ዓመቱን ሙሉ ጭጋግ ናት» እንደማለት ነው። በዚያ ላይ የአንድ ተንሳፋፊ ፎራሚኒፌራ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ነው። አንድ ዛጎል የአንድ ወር አየር ነውና ለአንድ ልኬት በርከት ያሉ ዛጎሎች አብረው ይፈጫሉ።

ወንፊትን አለማመን ደግሞ ጥሩ ልማድ ነው። ቀዳዳው ላይ ተሰንቅሮ የቀረ የትናንት ዛጎል ዛሬ ሌላ ናሙና ውስጥ ይወድቃል። ወንፊቱን በየመሐሉ ሜቲሊን ብሉ በሚባለው ሰማያዊ ቀለም መንከር ነው፤ የተሰነቀረው ይቀለማል፤ በሚቀጥለው ለቀማ ሰማያዊ ዛጎል ካያችሁ እንግዳ ነው፤ አውጡት።

ሸክላውን ሳያጸዱ ማግኒዚየም መለካት

በዛጎሉ ውስጥ ያለው የማግኒዚየምና የካልሲየም ምጣኔ በእያንዳንዱ ዲግሪ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። መለኪያው ስሜቱ ስል ነው፤ ለቆሻሻም እንደዚያው። ደለሉ ውስጥ ያለው ሸክላ አፈር ከዛጎሉ እጅግ የበለጠ ማግኒዚየም አለው። በዛጎሉ ክፍሎች ውስጥ የተደበቀች ትንሽ ሸክላ ባሕሩን በብዙ ዲግሪ ታሞቀዋለች። ዛጎሉ በሁለት ብርጭቆ መሐል በቀስታ ይሰበራል፣ በንጹሕ ውኃና በሜታኖል ተደጋግሞ ይታጠባል፣ ከዚያ ሥጋዊ ቅሪቱ በኬሚካል ይወገዳል። መጽዳቱን ለማረጋገጥ አሉሚኒየም፣ ብረትና ማንጋኒዝ አብረው ይለኩ። አሉሚኒየሙ ከማግኒዚየሙ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ የለካችሁት ጭቃ ነው።

በተቃራኒው ጥልቁ ውኃ ዛጎልን ያሟሟል፤ ሲሟሟ ማግኒዚየም የበዛበት ክፍል ቀድሞ ይሄዳል፤ ውጤቱ ሐሰተኛ ብርድ ነው። የተቦረቦረና የተሰባበረ ዛጎል የበዛበትን ናሙና በጥርጣሬ ማየት ነው። ጨዋማነትና የውኃው አሲድነትም መጠነኛ ተጽዕኖ አላቸው።

የዛሬውን ቀመር ለማንኛውም ዘመን ድንጋይ መጠቀም

አሁን ወደ ደጀኑ ልጅ ድንጋይ። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን በዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ሁሉ ያንን ንብርብር አይቶታል፤ ከታች አሸዋ ድንጋይ፣ ከላዩ ጅፕሰምና ጭቃማ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋዩ፣ ከሁሉም በላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ባዛልት። የኖራ ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ በፊት፣ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር እዚህ በነበረ ጊዜ የተከማቸ ነው። ውስጡም በእርግጥ ፎራሚኒፌራ አሉ። ድንጋዩ በቀጭኑ ተቆርጦ ተሞርዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ይታያሉ፤ ዕድሜውን ለመወሰንም ያገለግላሉ።

ለሙቀት ግን ሦስት እንቅፋት አለ። አንደኛ፣ ዝርያዎቹ ከጠፉ ቆይተዋል፤ ቀመሮቻችን የተሠሩት ዛሬ በሕይወት ካሉት ነው። ሁለተኛ፣ የጁራሲክ ባሕር የማግኒዚየምና የካልሲየም ምጣኔ ከዛሬው ያነሰ ነበር፤ የዛሬውን ቀመር እዚያ ማስገባት በድሮ ቁና የተሰፈረን እህል በዛሬ ኪሎ እንደመተመን ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ዛጎሉ ዛጎል ሆኖ አልቆየም። በመቶዎች ሜትር ድንጋይ ሥር ተቀብሮ ሲጨመቅ፣ የከርሰ ምድር ውኃም ሲያልፍበት፣ ካልሳይቱ ሟሟቶ እንደገና ረግቷል። ቅርጹ አለ፤ ኬሚስትሪው ግን የኋላኛው ውኃ ነው።

ይህ ትልልቅ ሳይንቲስቶችንም ለዓመታት አሳስቷል። ምድር በጣም ሞቃት በነበረችባቸው በክሪቴሺየስ መጨረሻና በኢኦሲን ዘመናት የሐሩር ባሕሮች ቀዝቃዛ ነበሩ የሚል ውጤት ከዛጎሎች እየወጣ፣ የአየር ንብረት ሞዴሎች ከዚያ ጋር አልስማማ ብለው ነበር። ነገሩን የፈታው ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከታንዛኒያ ዳርቻ የተገኘ ናሙና ነው። እዚያ ዛጎሎቹ ውኃ በማያሳልፍ ሸክላ ተሸፍነው እንደ መስታወት ጠርተው ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲለኩ የሐሩሩ ባሕር ቢያንስ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ነበር። ብርዱ ለካ የመጣው ዛጎሎቹ ቀዝቃዛው ወለል ላይ እንደገና ሲረጉ ነው። እንግዲህ ዛጎሉ በማይክሮስኮፕ ሥር እንደ ስኳር ነጭ ሆኖ ከታየ ተጠንቀቁ፤ የሚያሳልፍ፣ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደስ ይበላችሁ።

ልጁን ይህን ነግሬው ቅር አለው። ድንጋዩን ግን ቆርጠን ውስጡን አብረን አየነው፤ ሙቀቱ ባይገኝ ባሕሩ ተገኝቷል።

ዝርያ ቆጥሮ በቀጥታ ወደ ዲግሪ መዝለል

ኬሚስትሪ ሳይገባበት ዝርያዎችን በመቁጠርም ሙቀት ይገመታል፤ ሞቃት ወዳዶቹ ሲበዙ ሙቅ፣ ብርድ ወዳዶቹ ሲበዙ ቀዝቃዛ። ከ300 ያነሰ ዛጎል ቆጥሮ መቶኛ ማውጣት የተለመደ ስንፍና ነው። ከባዱ ስህተት ግን የጥንቱ ስብጥር ዛሬ የትም የማይገኝ ሆኖ ሳለ ቀመሩን አስገድዶ መልስ ማስወጣት ነው። ክላይማፕ የተባለው ታላቅ ፕሮጀክት በ1970ዎቹና በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው የበረዶ ዘመን ካርታዎች የሐሩር ባሕሮች እምብዛም አልቀዘቀዙም ሲል፣ በተራሮች ላይ በረዶ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደወረደ ከሚያሳየው ማስረጃ ጋር ተጋጨ። ክርክሩ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። የዝርያ ስምም ይለወጣል። ግራና ቀኝ የሚጠመዘዘው ኒዮግሎቦኳድሪና ፓኪደርማ ድሮ በብርድ የሚገለበጥ አንድ ዝርያ ይባል ነበር፤ ዘረመሉ ሲታይ ግን ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሆኑ። የቆየ ሰንጠረዥ ስትጠቀሙ ይህን አጣሩ።

ዘመኑን እንደ ደብተር ገጽ መቁጠር

ደለል የተደራረበ ወረቀት ይመስላል፤ ግን ትላትልና ሌሎች የወለል ፍጥረታት ያርሱታል። ገበሬ ለጤፍ መሬቱን ደጋግሞ እንደሚገለብጥ፣ እነሱም የላይኛውን 10 ሴንቲሜትር ገደማ ያለማቋረጥ ይደባልቁታል። በጥልቁ ባሕር ደለል በ1,000 ዓመት 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ብቻ ከተከማቸ፣ ያ እርሻ ከ3,000 እስከ 5,000 ዓመት ያደባልቃል። ከዚያ ዓይነት ቦታ ናሙና አምጥቶ ስለ አንድ መቶ ዓመት ድርቅ መጻፍ አይሆንም።

በራዲዮካርበን ዕድሜ ሲወሰንም የባሕር ዛጎል ከየብስ ናሙና በአማካይ 400 ዓመት ገደማ አርጅቶ ይታያል፤ የባሕሩ ካርቦን ራሱ የቆየ ነውና ሳይታረም አይጻፍም። እኛ አገር ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። በዚህ ሙያ «ከዛሬ በፊት» ሲባል ዛሬ የተባለው እ.ኤ.አ. 1950፣ በኛ 1942 ዓ.ም. ነው። ለ20,000 ዓመት ታሪክ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ምንም አይደለም። የላይኛውን ደለል በመርከብ ከተለካ የቅርብ ዘመን ሙቀት ጋር ስታወዳድሩ ግን ዓ.ም.ና እ.ኤ.አ. በአንድ ሰንጠረዥ ተደባልቀው ካገኘሁ እመልሰዋለሁ።

24.37 ዲግሪ ብሎ መጻፍ

የማግኒዚየሙም የሌሎቹም ቀመሮች ስህተት ብዙ ጊዜ አንድ ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። ማሽኑ ስላወጣው ብቻ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ መደርደር አንባቢን ማታለል ነው። ጣሪያም አለ። ኤሚሊያኒያ ሃክስሌይ የምትባል ጥቃቅን አልጌ (የስሟ መጀመሪያ ከላይ ላነሳሁት ኤሚሊያኒ የተሰጠ ነው) ከምትተዋቸው አልኬኖን ከሚባሉ ቅባቶች የሚወጣው ሙቀት 28 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ባሕሩ ምን ያህል ቢሞቅ መለኪያው አይንቀሳቀስም። በሞቃቱ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሚሠራ ሰው «ሙቀቱ ለሺህ ዓመታት አልተለወጠም» ሲለኝ መጀመሪያ የማየው ቁጥሩ ጣሪያውን ነክቶ እንደሆነ ነው።

ከሁሉም በፊት የደለሉን የላይኛውን ጫፍ ለኩ። ከዚያ የወጣው ሙቀት፣ ዝርያው በሚኖርበት ጥልቀትና ወቅት ዛሬ በቴርሞሜትር ከሚለካው ጋር በስህተቱ ወሰን ውስጥ ካልተገናኘ፣ ወደ ታችኛው ደለል አትውረዱ። ወደ ወንፊቱና ወደ ለቀማው ተመለሱ።